ከአሥር ስንት?

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አልወደውም። ሰው ጨዋነት ነው ብሎ ልጁን ያሳድግበታል፤ የሞተበትም እንደሆነ ቀብሮ ሲመለስ «እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች፣ ማንንም ሳታስቸግር ሄደች» እያለ ያወራል። ሳታስቸግር መሄድ እንደ ሙያ ሲነገር ስሰማ አንጀቴ ያርራል።

ሥራዬ የበረራ አስተናጋጅነት ነው። ባልደረቦቼ ክብሪት ይሉኛል፣ ቶሎ ስለምጫር። ተሳፋሪ ፊት ግን አልጫርም። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ፤ ከነከስኩት ጥርስ ፈገግታ የሚያወጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ስንሠለጥን ካስተማሩን ሁሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል። ምግብ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ሰው አይጮኽም አሉን፤ ድምፅ ስለሌለው ብቻ አይደለም፣ ስለሚያፍርም ነው። አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው በዓይኑ ይቅርታ ጠይቆ ይነሳና መጸዳጃ ቤት ይገባል። በሩን ቆልፎ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ፊቱ ካላማራችሁ ተከተሉት አሉን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዘመዶቼን አንድ በአንድ እያሰብኩ ነበር። ሁሉም ተነስተው መጸዳጃ ቤት የሚገቡ ዓይነት ናቸው።

አንድ ቀን በረራ ላይ የምሳ ሰሃን ሰብስበን ጋሪዬን ወደ ኋላ ስመልስ አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነሱ። ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ ሹራብ የለበሱ፣ ደቃቃ ሴትዮ ናቸው። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን በጋሪውና በወንበሩ መካከል ለመሹለክ ትንፋሻቸውን ውጠው «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ» ይሉኛል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አንድ እጃቸው መንጋጋቸውን ይዟል፤ ጥርሱን እንዳመመው ሰው።

ጋሪውን ለባልደረባዬ ትቼ ተከተልኳቸው። ገብተው ቆለፉ። ትንሽ ጠበቅኩና አንኳኳሁ።

ደህና ነኝ ልጄ፣ አሁን እወጣለሁ አሉ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቆይቼ ደግሜ አንኳኳሁ። ደህና ነኝ አሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ሳይጨርሱት ነው። የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት በር ከውጭም ይከፈታል፤ ተሳፋሪው ባያውቀው ይሻላል። ከፈትኩት።

ክዳኑ ላይ ተቀምጠዋል። አስመልሷቸው ኖሮ የእጅ መታጠቢያውን በወረቀት ይጠርጋሉ። ከንፈራቸው ዐመድ መስሏል፣ አንድ እጃቸው ደረታቸውን ተጭኗል፣ ላቡ ሻሹን አርሶታል፤ እሳቸው መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ለሚቀጥለው ሰው እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በማን እንደተናደድኩ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቅኩና ደግፌ አወጣኋቸው።

ከኋላ ባለችው ጓዳችን፣ ምግብ የምናሞቅባትና ቆመን የምንበላባት ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተን አስቀመጥናቸው፤ ጀርባቸውንም ግድግዳ አስደገፍነው። ባልደረባዬ የኦክስጅኑን ጠርሙስ አመጣች። ጭምብሉን አጠለቅኩላቸው፣ ሹራባቸውን ከአንገታቸው ላላ አደረግኩ፣ የደም ግፊታቸውን ለካሁ። ልብ ማስነሻ መሣሪያውንም አውርደን በማያዩት በኩል አስቀመጥነው። በመናገሪያው ሐኪም ካለ ብለን ጠየቅን። ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ተያየ እንጂ የተነሳ የለም።

የቡድናችን አለቃ መጣች። በሌለችበት እትዬ ሰዓት ነው የምንላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አውሮፕላን ሲዘገይ ግን ልጇ የታመመባት ያህል ትመነምናለች። የሴትዮዋ ልጅም ተጠርቶ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያልባቸው እሱ ፊልም ያይ ነበር። ጨጓራ አለባት፣ ድሮም እንዲህ ያደርጋታል አለን። ወደምንሄድበት አገር ተዛውሮ በማግስቱ ጠዋት አዲስ ሥራ እንደሚጀምርና እናቱን ይዞ የሚሄደው ቤት እስኪያደራጅ እንድትረዳው መሆኑንም ነገረን። ይህን ማንም አልጠየቀውም። ሲናገር እማማ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አዎ፣ ልጄ ሥራ አለበት ለማለት ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ካፒቴኑ ምድር ላይ ካለ ሐኪም ጋር በሬዲዮ ይገናኛል። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ካፒቴኑ በውስጥ ስልኩ ለአለቃችን ይነግራል፤ እሷ ለእኔ፣ እኔ ለበሽተኛው። መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሐኪሙ በሽተኛውን አያይም፣ ድምፁንም አይሰማም። የሚደርሰው እኛ ያልነው ብቻ ነው።

ስለ ላቡና ስለ ማስመለሱ ነገርነው። የደም ግፊቱንም ነገርነው፤ ቁጥሩ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ልጁ ስለ ጨጓራው ያለውንም ጨመርን። ከዚያ የሐኪሙ ጥያቄ መጣ። ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው? ዜሮ ምንም ማለት ነው፣ አሥር ደግሞ የማይቻል።

ተንበርክኬ ጠየቅኳቸው። እማማ መጀመሪያ ያዩት ደረታቸውን አይደለም፤ ልጃቸውን ነው። ቀጥለው እትዬ ሰዓትን አዩ። ከዚያ በመጋረጃው ክፍተት አንገታቸውን አስግገው የሚያዩንን ተሳፋሪዎች።

«ሁለት ብትዪው ይበቃል ልጄ» አሉኝ።

ይበቃል ነው ያሉት። ሻይ ተቀድቶላቸው በቃኝ እንደሚል እንግዳ። እትዬ ሰዓት ሁለት የሚለውን ብቻ ሰማችና ስልኩ ውስጥ ሁለት አለች። ካፒቴኑ ለሐኪሙ ሁለት አለው። ቁጥሩ ብቻውን ሄደ፤ ሲናገሩ ያዩት ዓይን አብሮት አልሄደም፣ ብርድ ልብሱን ጨብጠው የያዙበት እጅም አብሮት አልሄደም።

የሐኪሙ ምክር ቶሎ መጣ። የጨጓራ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ኦክስጅኑን አትንቀሉ፣ ተከታተሉ፣ ከባሰ ንገሩኝ። ካፒቴኑም ሁኔታውን አስረዳን። ከፊታችን ልናርፍበት የምንችል አንድ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። እሱን ካለፍን በታች ያለው ባሕር ነው፣ እስከ መጨረሻው ባሕር ነው። ከባሰ ንገሩኝ የሚባለው ነገር ባሕሩ ላይ ትርጉም የለውም። አሁን ባለው መረጃ እንቀጥላለን አለ።

ሁለት አይደለም አልኳት እትዬ ሰዓትን። ሁለት ያመመው ሰው መንጋጋውን አይዝም። እሷ ግን ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል፣ አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ አለችኝ። አይደለሁም። ልጁ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እህቴ፣ አታስጨንቂያት፣ እሷ ራሷ ደህና ነኝ እያለች ነው» አለኝ። ከመጋረጃው ማዶ፣ ከመጨረሻዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ሌላ አውሮፕላን የሚቀይርበት ሰዓት እንዳያልፈው ጮክ ብሎ ያስረዳል። ለቃር ብለው እንዳይመልሱን ይላል። እማማ ይሰማሉ። ኦክስጅን የሚስቡበትን ጭምብል ገለጥ አድርገው «በሉ ሂዱ፣ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኔ ተሽሎኛል» አሉን።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ከሁሉም በላይ በእሳቸው ተናደድኩ፤ እውነቱን ልናገር። በልጁ መናደድ ቀላል ነው፣ በወፍራሙ ሰውዬም ቀላል ነው። እኚህ ሴትዮ ግን ለሞታቸው ወንበር እየለቀቁለት ነው፣ ያውም ይቅርታ እየጠየቁ። ልጮህባቸው ፈለግኩ። መጮህ ደግሞ አይረዳቸውም፤ የጮኹበት ጨዋ ሰው ከሁለት ወደ አንድ ነው የሚወርደው።

በዚያ ንዴት መካከል አንድ ነገር መጣልኝ። ጆሯቸው ሥር ዝቅ ብዬ ሴት ልጅ አለዎት ወይ አልኳቸው።

አለችኝ አሉ፣ ትንሿ፣ አገር ቤት ናት፣ እርጉዝ ናት። ስለ እሷ ሲናገሩ ፊታቸው ትንሽ ፈካ።

«እማማ፣ አሁን እርስዎ ደረት ላይ ያለው፣ ይኸው መንጋጋዎ ድረስ የወጣው ነገር፣ እሷ ደረት ላይ ቢሆንስ? እሷ ከአሥር ስንት ትበል?»

ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኧረ እሷንስ አይንካብኝ» አሉ።

«ከነካትስ?»

ብርድ ልብሱን ለቀቁና እጄን ያዙ። ያን ያህል ጉልበት ያለው እጅ ይዞኝ አያውቅም። «አሥር ነው» አሉኝ። «አሥርም አይበቃው። ድንጋይ ተጭኖብኛል ልጄ። እሷ ብትሆን አሁኑኑ አውርዱልኝ ነበር የምለው።»

ስልኩን ከእትዬ ሰዓት እጅ ወሰድኩት። ነጠቅኩት ማለት ይሻላል። ካፒቴን፣ አሥር ነው አልኩት።

«ሁለት አላላችሁኝም እንዴ? መቼ ነው አሥር የሆነው?»

«መጀመሪያም አሥር ነበር። ሁለት ያሉት በይሉኝታ ነው። የልጅዎ ቢሆን ስላቸው ነው አሥር ያሉት።»

ከዚያ ላቡ ቆሟል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብሷል፣ ሹራባቸው ሊጨመቅ ይችላል አልኩት። ቆይ አለና ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረ። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ነበር። አስፕሪን አላምጠው ይዋጡ፣ አታንቀሳቅሷቸው፣ እናርፋለን አለ።

አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ልጁ ገባው። ምን አደረጋችሁ አለ። ነገ ጠዋት እኮ ይጠብቁኛል አለ። እትዬ ሰዓት ልታረጋጋው ሞከረች፤ እሱ ግን እሷን አልፎ ወደ እኔ መጣ። እሷ ራሷ ደህና ነኝ ያለችውን አንቺ ምን አግብቶሽ ነው አሥር የምትያት አለኝ።

ተነስቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ተሳፋሪን አንቱ ማለት የሥራችን ሕግ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ወደ አንተ ወረድኩ።

«እናትህ ደህና አይደለሁም ብላህ ታውቃለች?» አልኩት። «በሕይወትህ አንድ ቀን?»

መልስ እየፈለገ እንደሆነ አየሁ፤ በእውነት እየፈለገ ነበር። ወደ እናቱ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ተቀመጠ።

«አባቴ የሞተ ቀን እንኳ ደህና ነኝ ነው ያለችን» አለ። «እኛም እሺ ብለን ተኛን።»

እማማ በነፃው እጃቸው ፀጉሩን ዳሰሱት። አይዞህ ይሉታል፣ ሥራህ አያመልጥህም ይሉታል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ምን ልበል፤ ሆድ ባሰኝ፣ ንዴቱም አልወጣልኝም። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አልወድም።

ልናርፍ ስንቃረብ በአንድ በኩል ያሉትን የመጨረሻ ወንበሮች አስለቅቀን እማማን አጋድመን አሰርናቸው፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ እጃቸውን ያዝኩ። አረፍን። የምድር ሐኪሞች እየሮጡ ገቡ፤ የልብ መለኪያውን ገመድ ደረታቸው ላይ ለጣጥፈው ወረቀቱን ሲያዩ እርስ በርሳቸው ወሬ አቆሙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ጨጓራ የሚል ቃል ካፋቸው አልወጣም።

የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ተሸክመዋቸው በመተላለፊያው ሲያልፉ እማማ ከጭምብሉ ሥር በየረድፉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አስቸገርኳችሁ፣ መንገድ አስቀረኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ። ያ ሲያጉረመርም የነበረ ሰው ሁሉ ደግሞ ከወንበሩ ቀና እያለ ኧረ ምን ችግር አለ እማማ ይላል፣ ይማርዎት ይላል። ወፍራሙ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ከእሱ ምርቃት ይበልጥ የጣፈጠ አልነበረም። አልፈው ሲሄዱ ሰዓቱን አየ። ልጁ ሁለት ቦርሳ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ማዳመጫው አሁንም አንገቱ ላይ ነው፣ ያስታወሰው አይመስለኝም።

ነዳጅ እስኪሞላ፣ ፈቃድ እስኪመጣ ቁጭ አልን። እማማ ከዓይናቸው ስለራቁ ተሳፋሪው ጨዋነቱን መልሶ አጣጥፎ አስቀመጠው። ካሣ ይከፈለናል ወይ አሉ። አየሩ ሞቀ አሉ። አንዲት ሴት ለዚህ ሁሉ ሰው መጉላላት የሚጠየቀው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት፤ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ተነስተን ባሕሩ ላይ ከወጣን በኋላ እትዬ ሰዓት ወደ ኋላ መጣች። ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ይህን ለማንም እንዳልነግርባት በዓይኗ ለመነችኝ። ለካፒቴኑ ከምድር መልእክት ደርሶታል። የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ ነበር፤ ከፈቱላቸው፤ በሕይወት አሉ። በባሕሩ ላይ ብንቀጥል ኖሮ አይተርፉም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። ተቃቀፍን። ቀጥላም እማማ በልጃቸው በኩል አንድ ነገር መላካቸውን ነገረችኝ፤ ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቁልኝ ብለዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ በመናገሪያው አንብቢላቸው አለችኝ።

ደስ የሚል ነገር።

መናገሪያውን አነሳሁ። ድምፄን እንደ ሥልጠናችን ለስላሳ አደረግኩት፤ ለመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ።

«ክቡራን ተሳፋሪዎቻችን፣ ያመማቸው እናት ታክመው በሕይወት እንዳሉ ስንነግራችሁ ደስ እያለን ነው። መንገድ ስላስቀረኋችሁ ይቅርታ ጠይቁልኝ ብለዋል። እኔ አልጠይቅም። ሰው ስለታመመ ይቅርታ አይጠይቅም። ከእናንተ መካከል አሁን ያመመው ካለ፣ ትንሽም ናት ቢል፣ መጥሪያውን ይጫን። ደህና ነኝ የሚለኝን ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ አላምንም።»

እትዬ ሰዓት ፊቷን አጥቁራ ቆመች። እንደምከሰስ አውቃለሁ፤ ስንደርስ ቢሮ ጠርተው እንደሚያብጠለጥሉኝም አውቃለሁ። ይጥሩኝ።

የመጥሪያ መብራት በራ። አንድ ብቻ፣ ከኋላ በኩል፣ በመስኮት ጥግ። ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንደበታቸው ትንሽ ይያያዛል።

«ልጄ፣ እንዲያው ከተናገርሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «ስኳር አለብኝ። መርፌዬ ከላይ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ አልፎኛል።»

ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ፣ ለምን አልጠሩንም አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ አጠገባቸው አመለከቱኝ። ወፍራሙ ሰውዬ ነው፤ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ እግሩን ዘርግቶ መውጫውን ሞልቶ ያንኮራፋል።

«ዛሬ ብዙ ተናዷል» አሉኝ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንቅልፉን እንዳልረብሸው ብዬ ነው።»

ሰውየውን ትከሻውን ይዤ ወዘወዝኩት። ይቅርታ አላልኩትም።